የተፈጥሮ እንጨት ቆጥ በክረምት እንዳይሻግት ምን እናድርግ?

ልደታ 4ኛ ፎቅ — ሰኔ 27

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ኮካቲየልና ባጂ የሚባሉ ትናንሽ በቀቀኖች፣ ሁለት ኮካቲየልና አራት ባጂዎች፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ወደ በረንዳ በሚከፈተው የሳሎን ጥግ አሳድጋለሁ። ከኬጁ ጋር የመጡትን ለስላሳ የፕላስቲክ ዘንጎች አውጥቼ በምትካቸው ውፍረታቸው የተለያየ የባሕር ዛፍና የወይራ ቅርንጫፎችን ቆጥ አድርጌ ካስገባሁ ወዲህ፣ በወፎቹ የውስጥ እግር ላይ ይታይ የነበረው መቅላት ጠፍቷል። ቅርፊቱን ሲልጡ ስለሚውሉም እርስ በርስ መነካከሳቸው ቀንሷል። ስለዚህ ወደ ፕላስቲኩ መመለስ አልፈልግም።

ችግሩ ክረምቱ ሲገባ ይጀምራል። ዝናቡ መላልሶ በሚጥልበት ሰሞን፣ ቆጡ በብሎን ከኬጁ ሽቦ ጋር በሚታሰርበት ጫፍ፣ ልክ ከሮንዴላው ሥር፣ ዱቄት የመሰለ አረንጓዴ ግራጫ ነገር ይወጣል። የቆጡ መሐል ግን ንጹሕ ነው። በሌሎቹ ቆጦች ላይ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፤ ሻጋታ ይሁን ወይም የቆየ እድፍ መለየት አልቻልኩም። በየሳምንቱ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባሉ። ምን ዓይነት እንጨት ልምረጥ? ከመግባቱ በፊት ምን ልሥራበት? አንድ ጎረቤቴ ቫርኒሽ መቀባት እንደሚበቃ ነግሮኛል፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አናጺው ከጌጃ ሰፈር — ሰኔ 27

ጥያቄውን በዝርዝር ስላቀረቡ መልሱም ይቀላል። ሙያዬ አናጺነት ነው፤ ቤቴም ባጂዎች አሉ። ሻጋታው ከሮንዴላው ሥር መጀመሩ ራሱ መነሻውን ያመለክታል።

እንጨት በቁመቱ የተደረደሩ እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎች ስብስብ ነው፤ ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃን ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የሚያወጣው በእነዚህ በኩል ነው። ተቆርጦ ከደረቀ በኋላም ቱቦዎቹ ውሃ መሳባቸውን አይተዉም። ስለዚህ ቆጡ ሲታጠብ፣ ወይም ወፎቹ ሲታጠቡ የሚረጩት ውሃ ሲደርሰው፣ ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይጠጣል። ያ የጠጣው ጫፍ ደግሞ በሮንዴላና በዳዶ ተጠብቆ ሽቦው ላይ ስለሚታሰር አየር አያገኝም። መሐሉ በአንድ ቀን ሲደርቅ ጫፉ ለቀናት እንደረጠበ ይቆያል፤ ሻጋታውም እዚያው ይነሳል።

በእንጨት ሥራ የታወቀ ልክ አለ፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ሆኖ እስከቆየ ድረስ እንጨት አበስባሽ ፈንገስ አያድግበትም። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ሲሆን እንጨት ውሎ አድሮ 12 በመቶ ገደማ ላይ ይረጋል፤ አየሩ 80 ሲደርስ ወደ 16፣ 90 ሲደርስ ወደ 20 ይጠጋል። ከዚህ የሚገባን ትልቅ ነገር አለ፦ በነሐሴ ዝናብ መካከል እንኳ፣ ውሃ ያልነካውና ንጹሕ የሆነ እንጨት፣ ከአየሩ በሚወስደው እርጥበት ብቻ ያንን ልክ በቀላሉ አያልፍም። የሚያሳልፈው ፈሳሽ ውሃ ነው፤ ከመጠጫው የሚንጠባጠበው፣ ከመታጠቢያው የሚረጨውና ከእጥበት የሚቀረው። በላዩ ኩስና የምግብ ፍርፋሪ ከተጋገረበት ግን ነገሩ ይለያል። ያን ጊዜ ሻጋታው የሚመገበው ከእንጨቱ ሳይሆን ከቆሻሻው ስለሆነ፣ እርጥብ አየር ብቻውን ሊበቃው ይችላል።

ስለዚህ የእኔ ምክር በሦስት ነገሮች ላይ ያርፋል። አንደኛ፣ ቆጡን ከሁለቱም ጫፍ አይሰሩት፤ በአንድ ጫፍ ብቻ ታስሮ ሌላው ጫፉ ወደ ኬጁ መሐል ነጻ ይሁን። የታሰረበት ጫፍ ላይም ሮንዴላው ከእንጨቱ ውፍረት በጣም ያነሰ ይሁን፤ የተቆረጠው ፊት በአብዛኛው ለአየር ይጋለጣል። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው የማይዝግ ብረት መሆን አለባቸው። በዚንክ የተለበጠው ርካሹ ዓይነት በወፍ አፍ ሲላጭ ራሱ ይመርዛል፤ ይህ ከሻጋታው ያልተናነሰ አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ እንጨቱ በሚገባ ከደረቀ በኋላ ብቻ የተቆረጡትን ጫፎች በቀለጠ ንጹሕ የማር ሰም ይንከሩ። ንጹሕ ማለቴ ፓራፊን ያልተቀላቀለበት ነው፤ ጧፍ ገዝቶ ማቅለጥ ቀላል ቢመስልም ብዙው ዛሬ የተቀላቀለ ስለሆነ ከማር ነጋዴ ሰሙን ራሱን መግዛት ይሻላል። ያልደረቀ እንጨት ጫፉ በሰም ከተዘጋ ግን ውሃው ውስጡ ታፍኖ ይቀራልና ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ።

ሦስተኛ፣ ቫርኒሹን ይተዉት። ወፍ ቆጡን ይነክሳል፤ የነከሰውንም ይውጣል። ቫርኒሹ በተሰነጠቀበትና በተላጠበት በኩል ውሃ ይገባል፤ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ ያጣል። የምግብ ዘይት መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ዘይቱ ይበላሻል፣ አቧራና ኩስም ይይዛል።

የፒያሳ ካናሪ — ሰኔ 28

አናጺው ስለ ጫፉ የጻፉት ትክክል ነው፤ በእኔም የካናሪ ቤት የማየው ይኸው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን የወተት ዕቃውንና የጠላ እንስራውን በወይራ ጭስ የሚያጥኑት ያለ ምክንያት አይደለም። የታጠነ ዕቃ ወተቱን ያቆያል፣ ሽታውንም ያሳምራል። ቆጡስ ለምን አይታጠንም? ወይራው በየጉሊቱ ይገኛል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ከዚያ በፊት በበረኪና ማጠብ ይቻላል፤ በረኪናው ካልበቃ አቼቶ ይጨመርበታል የሚሉም አሉ። በዚህ ላይ ልምድ ያለው ሰው ካለ ሐሳቡን ያካፍለን።

የእንስሳት ጤና፣ ቂርቆስ — ሰኔ 28

የፒያሳ ካናሪ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንዱን ነገር በአጽንዖት ልናገር፦ በረኪናና አቼቶ ፈጽሞ መቀላቀል የለባቸውም። ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ሰውን የሚጎዳ ነው፤ ወፍን ደግሞ በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል። ይህን ምክር በሌላ ቦታ ያነበበ ሰው ካለ እባክዎ አይሞክሩት።

ወፎች ለምን እንዲህ በቀላሉ እንደሚጎዱ ማወቅ ጉዳዩን ያብራራል። ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የለውም፤ አየሩ ከሳንባው አልፎ በአብዛኞቹ የወፍ ዓይነቶች ቁጥራቸው 9 በሆኑ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይዘዋወራል። ከረጢቶቹ የደም ሥር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ በእነዚህ ውስጥ ያረፈ የሻጋታ ዘር ከሰውነቱ የመከላከያ ሴሎች ጋር በቶሎ አይገናኝም። ሳልም አክታ ጠርጎ የማውጣት አቅም የለውም። በወፎች ላይ ብዙውን ጊዜ በሽታ የሚያመጣው አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የተባለው ሻጋታ ዘሩ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ እስከ ከረጢቶቹ ድረስ በቀላሉ ይዘልቃል። በሽታው አስፐርጊሎሲስ ይባላል። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን በተለይ ይጠቃል፤ ኮካቲየልና ባጂ ከእሱ ይልቅ ይቋቋማሉ፣ ነገር ግን ከበሽታው ነጻ አይደሉም።

ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም። የሻጋታ ዘር በየትኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ፤ ጤነኛ ወፍም በየቀኑ ይተነፍሰዋል። ሕመም የሚከተለው የዘሩ ብዛት ሲበረታ ወይም የወፉ አቅም ሲዳከም ነው። ጥሬ ብቻ የሚበላ ወፍ የቫይታሚን ኤ እጥረት ያገኘዋል፤ ይህም የመተንፈሻ አካሉን ሽፋን ያዳክማል። ስለዚህ ቆጡን ከመጠበቅ ጋር ጎመንና ካሮት መስጠትም የዚሁ መከላከል አካል ነው።

ወደ ጭሱ ልመለስ። የወይራ ጭስ ባክቴሪያና ሻጋታ የሚያዳክሙ ፊኖል የተባሉ ውህዶች እንዳሉት አልክድም። የሚታጠነው ዕቃ ግን በሚቀጥለው ቀን ወተት ይገባበታል እንጂ ማንም አይነክሰውም። ቆጥ ቀኑን ሙሉ ይላጫል፤ በላዩ የተጋገረው ጥላሸትና ሬንጅም ወደ ወፉ ሆድ ይገባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጭሱ ራሱ ለወፍ ሳንባ መጥፎ ነው። ወፍ ባለበት ክፍል ውስጥ ወይራም ሆነ ዕጣን አይጨስ፤ ቡናው የሚፈላው ሳሎን ውስጥ ከሆነ ኬጁ ለዚያ ሰዓት ወደ መኝታ ቤት ይዛወር።

በረኪናን በተመለከተ፣ ለኬጁ ሽቦና ለትሪው ጥሩ ነው፦ 1 እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ፣ አስቀድሞ ኩሱ በሳሙና ከተነሣ በኋላ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ በብዙ ውሃ መታጠብ። ለእንጨት ግን አልመርጠውም። ሻጋታውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በላይኛው ገጽ ላይ ካለው ቆሻሻ ጋር ሲገናኝ ኃይሉ ያልቃል፤ አብሮት የመጣው ውሃ ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የገጹ ቀለም ነጥቶ ንጹሕ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ከበፊቱ ይበልጥ ረጥቧል። ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ የተሻለ ነው፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ውሃና ኦክሲጅን ስለሚፈርስ መርዝ አይተውም። ከእሱም በኋላ ግን ማድረቁ አይቀርም።

በግልጽ የሻገተ ቆጥ ካለ ግን ምንም ነገር አይቀቡት፤ ይጣሉት። ሲያወጡትም ወፎቹን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩ፤ የሻገተውን ቦታ በውሃ ረጨት አድርገው በማርጠብ ዘሩ እንዳይቦን ያድርጉ፤ ቆጡን በላስቲክ ቋጥረው ያውጡ። ደረቁን በቡሩሽ መፈግፈግም ሆነ ቤት ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ዘሩን በቤቱ ሁሉ ይበትነዋል።

አናጺው ከጌጃ ሰፈር — ሰኔ 29

በጤና ባለሙያው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ስለ ሙቀት ግን ልጨምር። ብዙ ሰው አዲስ ቅርንጫፍ ይቀቅላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ግድም ነው። ይህም ቢሆን ሻጋታን ለመግደል ይበቃል፤ ችግሩ ሙቀቱ ሳይሆን ውሃው ነው። የተቀቀለ እንጨት እስከ መሐሉ ውሃ ይጠጣል፤ በሐምሌ የተቀቀለ ቆጥ እስኪደርቅ ሌላ ሻጋታ ይቀድመዋል።

የሚሻለው ደረቅ ሙቀት ነው። በዓለም አቀፍ ንግድ ላይ የእንጨት ፓሌቶች ተባይ እንዳይዛመቱ በወጣው ደንብ መሠረት የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ይህ የወጣው ለነፍሳትና ለትላትል ቢሆንም አንድ ነገር ያስተምረናል፦ የሚቆጠረው የምድጃው ሙቀት ሳይሆን የእንጨቱ መሐል የደረሰበት ሙቀት ነው። እንጨት ሙቀትን በዝግታ ስለሚያስተላልፍ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቆጥ በ110 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆይ መልካም ነው። ከአጠገቡ አይራቁ፤ እንጨት ነውና። ኦቨኑ ውስጡ የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ወይም ትሪ ካለ አስቀድመው ያውጡት፤ ያ ሽፋን ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወፎችን በፍጥነት ይገድላል።

ፓሌት ካነሣሁ ዘንድ፦ ከመርካቶ የተሰበረ ፓሌት ገዝተው መጫወቻና ቆጥ የሚሠሩ አሉ። በሙቀት የታከመው ላይ ኤችቲ፣ በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነው ላይ ኤምቢ የሚል ማኅተም በላቲን ፊደል ይታያል። ኤምቢ ያለበትንና ምንም ማኅተም የሌለውን አይንኩ። ኤችቲ ያለበትም ቢሆን ምን እንደፈሰሰበት ስለማይታወቅ እኔ አልጠቀምበትም።

አራት ኪሎ — ሰኔ 30

በዚህ ውይይት ላይ የጎደለ መስሎ የታየኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቆጡ መድረቁን በምን እናውቃለን? በእጅ ሲነካ ደረቅ የሚመስል እንጨት ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አዲስ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ከደረቅ ክብደቱ ግማሽ የሚያህል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ውሃ ይይዛል።

የእንጨት እርጥበት መለኪያ መግዛት አያስፈልግም፤ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ቅርንጫፉ ሲመጣ መዝነው ክብደቱን በእርሳስ ጫፉ አጠገብ ይጻፉበት። አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይደርደር። በየሳምንቱ ሲመዘን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ከሳምንት ወደ ሳምንት መቀነሱን ባቆመበት ጊዜ ከአየሩ ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያው ቅርንጫፍ አንድ ቁራጭ ይቁረጥና ይመዝን፤ ከዚያ ከ100 ዲግሪ ትንሽ በበለጠ ኦቨን ውስጥ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም ያቆየው። ለምሳሌ ቁራጩ ሲገባ 120 ግራም ኖሮ ሲወጣ 100 ግራም ከሆነ፣ የጠፋው 20 ግራም ውሃ ለ100 ሲካፈል እርጥበቱ 20 በመቶ ነበር ማለት ነው። ይህ አናጺው የጠቀሱት ልክ ነው፤ ቆጡ ገና አልደረሰም። 112 ግራም ኖሮ 100 ከሆነ 12 በመቶ ነውና ሊገባ ይችላል።

ይኸው ሚዛን በኋላም ይጠቅማል። ቆጡ ታጥቦ ወደ ኬጁ ከመመለሱ በፊት ሲመዘን፣ በደረቀ ጊዜ ከተጻፈበት ክብደት በላይ ከሆነ ገና ውሃ ይዟል። ሰም በተነከረ ጫፍ ላይ ግን ክብደቱን ከሰሙ በኋላ እንደገና መጻፍ ያስፈልጋል።

ወቅቱም ትልቅ ነገር ነው። የዓመቱን ቆጥ በጥቅምት ቆርጦ እስከ ጥር በበጋው ደረቅ አየር ማድረቅ፣ በሰኔ ቆርጦ ከመቸገር በእጅጉ ይሻላል። የዘንድሮው ካመለጠ፣ ጥንት የደረቀ እንጨት ፈልጎ መግዛት እንጂ እርጥቡን በኦቨን ማጣደፍ አይመከርም። እርጥብ እንጨት በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥም ኩስ ይሞላል። ባሕር ዛፍ በዚህ ረገድ ከሁሉም ይብሳል።

ልደታ 4ኛ ፎቅ — ሐምሌ 1

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሻገቱትን ሁለት ቆጦች በተነገረኝ መንገድ አውጥቻለሁ። አሁን ሁለት ጥያቄዎች ቀርተውኛል። የልደታ ሌሊት በዚህ ወቅት ስለሚበርድ ማታ ማታ ኬጁን በወፍራም ጋቢ ሙሉ በሙሉ እሸፍናለሁ። ጠዋት ስገልጠው የላይኛው ሽቦ ላይ ጤዛ የመሰለ እርጥበት አለ። ይህ ከሻጋታው ጋር ይገናኛል? ሁለተኛው፣ ቆጡ እስኪደርቅ ድረስ ወፎቹ ምን ላይ ይረፉ?

አራት ኪሎ — ሐምሌ 1

በሚገባ ይገናኛል። ስድስት ወፎች ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሱት አየር እርጥብና ሞቃት ነው፤ ጋቢው ያንን አየር ይይዘዋል፤ ንጋት ላይ የክፍሉ ሙቀት ሲወርድ ቀዝቃዛው ሽቦ ላይ ውሃ ሆኖ ይቋጠራል። ውሃው በሽቦው ወርዶ የሚያርፈው ደግሞ ቆጡ በታሰረበት ቦታ ነው። ብሎኑም ብረት ስለሆነ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ ጤዛው በቀጥታ በእሱ ላይ ይፈጠርና ወደ እንጨቱ ጫፍ ይገባል። ከሮንዴላው ሥር የሚታየው ሻጋታ ግማሽ ምክንያቱ ይህ ይመስለኛል።

ጋቢውን ይተዉና በስስ ነጠላ ከላይና ከሁለት ጎን ብቻ ይሸፍኑ፤ ወደ ክፍሉ የሚያየው ፊት ክፍት ይሁን። ኬጁ ከውጭው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ፤ ያ የኮንክሪት ግድግዳ በክረምት ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛው ነው። የክፍሉን እርጥበት ለማወቅ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ኬጁ አጠገብ ቢሰቀል መልካም ነው፤ ከ60 በመቶ በታች ከቆየ ስጋት የለም። ከዚያ ሲያልፍ በቀን ውስጥ ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰዓት የበረንዳውንና የማዶውን መስኮት አንድ ላይ ከፍቶ አየሩን ማስለወጥ ነው፤ ወፎቹ በነፋሱ መንገድ ላይ እንዳይሆኑ ብቻ ጥንቃቄ ይደረግ።

የፒያሳ ካናሪ — ሐምሌ 2

ስለ ጭሱ የተሰጠኝን መልስ ተቀብያለሁ፤ በረኪናና አቼቶን ስለመቀላቀል የተሰጠው ማስጠንቀቂያም በመድረኩ የላይኛው ገጽ ላይ ቢሰቀል እወዳለሁ። የወይራ እንጨት ራሱ ግን፣ ሳይታጠን፣ ለቆጥ ምርጥ መሆኑን አሁንም እከራከራለሁ። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ውሃ በዝግታ ነው የሚጠጣው፤ ወፍም በቶሎ አይጨርሰውም። መፋቂያ ከሚሸጡት ልጆች ዘንድ የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን አስቀድሞ ማዘዝ ይቻላል፤ ለካናሪ ከዚያም የቀጠነው ይሻላል።

ለሁለተኛው ጥያቄ የእኔ መልስ ሁለት ሙሉ ስብስብ ቆጥ መያዝ ነው። አንዱ ኬጁ ውስጥ ሳለ ሌላው ተፍቆ፣ ታጥቦ፣ ወጥ ቤት ከፍሪጁ በላይ ባለው ሞቃት ቦታ ይደርቃል። በየሁለት ሳምንቱ ይቀያየራሉ። ወፎቹም የቆጡ ውፍረትና ቦታ ሲለወጥ ለእግራቸው ይጠቅማቸዋል። እኔ በሰኔና በመስከረም መካከል ይህን ሥርዓት ከያዝኩ ወዲህ ሻጋታ አላየሁም።

አጠባቡንም መለወጥ ይገባል። ደረቅ ኩስ በቢላ ጀርባ ሲፋቅ አብዛኛው ይነሣል። ከዚያ በሙቅ ውሃ የተነከረና በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃል። ቆጡን ባልዲ ውስጥ መዘፍዘፍ ፈጽሞ አያስፈልግም።

የእንስሳት ጤና፣ ቂርቆስ — ሐምሌ 2

በሁለቱ ስብስብ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ መውሰድ የሚፈልግ ሰው ቢኖር እሱን ቢወስድ እመርጣለሁ። ሻጋታን በመድኃኒት ከማሳደድ ይልቅ ለእንጨቱ የመድረቂያ ጊዜ መስጠት ይቀላልም፣ ይረጋገጣልም። አንድ ስብስብ ብቻ ያለው ሰው ታጥቦ ያልደረቀውን መልሶ ለማስገባት ይገደዳል።

የቆጡን ቦታም እንመልከት። ከመጠጫው በላይ የተሰቀለ ቆጥ ካለ ኩሱ ውሃ ውስጥ ይወድቃል፤ ከመጠጫው ጎን ያለው ደግሞ ወፉ ምንቃሩን ሲያራግፍ ይረጥባል። ከመታጠቢያውም ሆነ ከመጠጫው ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ወፎቹ ጠዋት ይታጠቡ እንጂ ወደ ማታ አይታጠቡ፤ ቀኑ ሙሉ የማድረቂያ ጊዜ ይሆናል። ከትሪው ላይ ያለው ሰጋቱራም ይነሣና ጋዜጣ ይነጠፍ፤ የረጠበ ሰጋቱራ ከቆጡ የበለጠ ሻጋታ ያፈራል።

ጭድ ተራ — ሐምሌ 3

ስለ እንጨት ምርጫ ጥቂት ልበል። ለግንባታ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ አጣና ብዙ ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይመጣል፤ ሲሚንቶና የቅርጽ ማውጫ ዘይት የነካውም አለ። ያገለገለ አጣና አይግዙ። የድሮ የስልክና የመብራት ምሰሶ ቁራጭ ደግሞ በክሪዮሶት ወይም በመዳብ፣ በክሮምና በአርሴኒክ ውህድ የታከመ ስለሆነ ባይሻግትም መርዝ ነው። ያለመሻገቱ ምክንያትም ይኸው መርዙ ነው።

ከግቢ ለሚቆርጥ ሰው የዘይቱን (ጓቫ) ዛፍ፣ የወይን ሐረግ፣ ሸውሸዌና ፖም ጥሩ ናቸው። አቮካዶ፣ ቁልቋል፣ ብሳናና ኦሊያንደር ለወፍ አይሆኑም። ጥድም ባይሻግት እንኳ ጠንካራ ሽታ ያለው ዘይቱ የወፍ መተንፈሻን ስለሚያስቆጣ አልመክረውም። የዘይቱን ቅርፊት ለስላሳና ስስ ስለሆነ እርጥበት አይደብቅም፤ የባሕር ዛፉ ልጥ ግን ከእንጨቱ ተነሥቶ እንደ ኪስ ስለሚሆን፣ የተነሣውን ልጦ መጣልና የጠበቀውን ብቻ መተው ይገባል። ቀርከሃም ለሻጋታ የተጋለጠ ነው፤ ክፍት አንጓው ውስጥ ውሃ ቢገባ ወፉ ያለበት ጎን ደረቅ ይመስላል እንጂ ውስጡ እንደረጠበ ነው።

ልደታ 4ኛ ፎቅ — ሐምሌ 9

አንድ ሳምንት ሞክሬ ውጤቱን ለማካፈል ተመልሻለሁ። ጋቢውን በነጠላ ከለወጥኩ ወዲህ ጠዋት ሽቦው ላይ ጤዛ የለም። መለኪያውም ከንጋት በፊት 58 ያሳያል። ሁለተኛውን ስብስብ ከዘይቱን አሠርቻለሁ፤ ሚዛኑ መቀነሱን ስላላቆመ ገና አላስገባሁትም። የቀረኝ የጥቁሩ ነጠብጣብ ጉዳይ ነው።

አናጺው ከጌጃ ሰፈር — ሐምሌ 9

ቆጡን ከኬጁ አውጥተው ወደ በረንዳ ይውሰዱት። በጥጥ ጫፍ አንድ ጠብታ በረኪና በነጠብጣቡ ላይ ያድርጉና ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ቀለሙ ከለቀቀ ሻጋታ ነው፤ እንዳለ ከቀረ እድፍ ወይም ከብረቱ የወጣ የዝገት ጥቁረት ነው። ታኒን የተባለ ውህድ በበዛበት እንጨት ላይ ብረት ሲረጥብ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ማውጣቱ የታወቀ ነው፤ ይህ ወፍ አይጎዳም። የተሞከረበትን ቆጥ ግን፣ ውጤቱ ምንም ቢሆን፣ መልሰው አያስገቡት።

ልደታ 4ኛ ፎቅ — ሐምሌ 10

ሦስቱን ሞከርኩ። በብሎኑ ዙሪያ ያለው የሁለቱ ጥቁረት አልለቀቀም፤ ብሎኖቹንም ሳያቸው ዝገዋል። የሦስተኛው፣ መሐሉ ላይ ከመጠጫው ፊት ለፊት የነበረው፣ ወዲያው ነጣ። ሦስቱንም ጥያለሁ፤ ብሎኖቹን በማይዝግ ብረት ለውጫለሁ፤ መጠጫውንም ወደ ኬጁ በር አዛውሬዋለሁ።

የእንስሳት ጤና፣ ቂርቆስ — ሐምሌ 10

መልካም ሥራ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ወፎቹን ይከታተሉ፤ ከዕረፍት በኋላም ጭራው ከትንፋሹ ጋር የሚወዛወዝ፣ አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ክብደቱ የቀነሰ ወፍ ካለ የቤት መድኃኒት ሳይሞክሩ ሐኪም ያሳዩ። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከመሐል ከተማ ሩቅ አይደለም። ለሰው የታዘዘ የፈንገስ መድኃኒት በግምት አይሰጥ፤ ግራጫ በቀቀን ለምሳሌ ኢትራኮናዞልን በመደበኛው መጠን እንኳ አይችልም። ሚዛኑ ለቆጡ ብቻ ሳይሆን ለወፎቹም ይጠቅማል፤ በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት ከመብላታቸው በፊት ይመዘኑ። ላባ መክሳትን ስለሚሸፍን በዓይን ከመታየቱ በፊት ሚዛኑ ይናገራል።